የአሮጌ ላዳ ካምቢዮ አወራረድና አገጣጠም

ላዳ ካምቢዮዋ መጮህ ሲጀምር ባለቤቷ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሶማሌ ተራ ሂድና ሌላ ግዛ፣ በአንድ ቀን ይቀየራል።» እውነት ነው፣ ጥሩ ቁልፍና አንድ ብርቱ ረዳት ያለው ሰው በአንድ ቀን ይቀይረዋል። ማውረዱና መግጠሙ የጉልበት ሥራ ነው። ከባዱ ነገር የሚወርደው በእርግጥ መውረድ ያለበት መሆኑን፣ የሚገባውም ከወረደው የተሻለ መሆኑን ማወቅ ነው። ስለዚህ ከመኪናዋ ሥር ከመግባታችን በፊት ጥቂት እንቆያለን።

ላዳን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መንዳት የብዙ ሰው እቅድ ሆኗል። ላዳ ደግሞ ለጀማሪ እጅ የምትመች መኪና ናት። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በአርባ ዓመት ውስጥ የካምቢዮዋ አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ሞተራቸው ፊት ሆኖ በኋላ እግር ለሚነዱ እንደ ድሮዎቹ ኮሮላዎች ላሉ መኪኖችም ይሠራል። ቮልስ ግን ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው።

በሽታው የካምቢዮ ነው?

መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ በዜሮ ማርሽ ያዳምጡ። ፍሪሲዮን ሳይረግጡ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለና ሲረግጡ ከጠፋ፣ የተጎዳው የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ናቸው። ድምፁ የሚመጣው ሲረግጡ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ሬጂስፒንታው (የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ) ነው። ለእሱም ቢሆን ካምቢዮ መውረዱ አይቀርም፤ መለወጥ ግን አያስፈልገውም።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ይውጡ። የላዳ አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፤ የሞተሩ ዙር ሳይቀንስ ሳይጨምር ወደ ኋላ ያልፋል፣ የታችኛው ዘንግም ጭነት ሳይሸከም እንዲሁ ይዞራል። በሁለተኛና በሦስተኛ የሚያለቅስ ካምቢዮ አራተኛ ላይ ዝም ካለ፣ ችግሩ ከታችኛው ዘንግ ነው። በአራቱም ማርሽ እኩል የሚያለቅስ ከሆነ ደግሞ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ዲፈረንሻሉን ያስመርምሩ።

ብዙ ጤነኛ ካምቢዮ በከንቱ የሚወርደው በዚህኛው ምልክት ነው፦ ማርሽ ሁሉ እንቢ ይላል፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ ይንኮሻኮሻል። ሞተሩን ያጥፉና እንደገና ይሞክሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ በቀላሉ የሚገቡ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው እንጂ ካምቢዮው ምንም አልሆነም። የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃው ጎድሎ እንደሆነ፣ ከፔዳሉ በላይ ያለው ፖምፓ ወይም ከካምቢዮው ጎን ያለው ታችኛው ፖምፔታ ያፈስ እንደሆነ ይመልከቱ። የፖምፔታውን የላስቲክ ቆብ ገልጠው ጣትዎ ከረጠበ መልሱን አግኝተዋል። ያረጀ የላስቲክ ቱቦም ሲረገጥ እያበጠ ግፊቱን ይበላዋል።

አንድ ማርሽ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው፣ ሲጮህ ግን የነሐስ ቀለበቱ አልቋል። ከማርሽ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነም በአብዛኛው ውስጡ ነው፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ የካምቢዮውን የጎማ ሱፖርቶ ይዩት፣ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ሲነሱና ነዳጅ ሲለቁ «ዷ» የሚለው ድምፅ የትራስሚሲዮኑ ክሮቼራ ወይም ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው ክብ ጎማ ነው። ይህ ጎማ ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

ገበያው ላይ

ያገለገለ ካምቢዮ ሲገዙ ሻጩ «ንጹህ ነው፣ ሞተሩ ላይ እያለ ሰምቼዋለሁ» ይልዎታል። አይከራከሩት፤ መሬት ላይ አስቀምጠው ራስዎ ይመርምሩት። መጀመሪያ ማርሾቹን አንድ በአንድ ያስገቡ፤ በእያንዳንዱ ላይ የፊቱን ዘንግ በእጅዎ ያሽከርክሩ። መቆርጠም፣ አንድ ቦታ ላይ መያዝ፣ አሸዋ ያለበት የሚመስል ዙር ካለ ይተዉት። የፊቱ ዘንግ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ቢንቀሳቀስ አይደንግጡ፤ መኪናዋ ላይ ሲሆን ያ ጫፍ የሚደገፈው በክራንክሻፍቱ ጭራ ውስጥ ባለችው ትንሽ ኩሽኔታ ነው። የዘንጉ ጥርሶች ግን ተበልተው ደረጃ የሠሩ መሆን የለባቸውም።

ከዚያ የዘይት መውረጃውን ቡሽ ያስፈቱ። በላዩ ላይ የተጣበቀ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የዕድሜ ነው። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ወይም የቢጫ ነሐስ ፍንጣሪ ካዩ ግብይቱ እዚያ ላይ ያብቃ። ዘይት ጭራሽ የሌለበትን ካምቢዮ ከሁሉም በላይ ይጠርጥሩ፤ ከመኪና ሲወርድ ፈሶ ይሁን ደርቆ ሲነዳ ኖሮ የሚነግርዎት ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይሠራት ነገር። ላዳ ሁሉ አንድ ካምቢዮ የለውም፤ በመልክ ግን ይመሳሰላሉ። ጠመኔ ይያዙ። ካምቢዮውን አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ የኋላው ጫፍ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ የፊቱን ዘንግ እያዞሩ የኋላው አንድ ሙሉ ዙር እስኪጨርስ ይቁጠሩ። የመጀመሪያው የላዳ ሞዴል፣ የ2101 ካምቢዮ ወደ ሦስት ዙር ከሦስት አራተኛ (3.75) ይፈልጋል። የ2106ቱ ባለ አራት ማርሽ ከሦስት ዙር ከሩብ ትንሽ ያንሳል (3.24)። በ2107 የተለመደው ባለ አምስት ማርሽ 3.67 ነው፤ አምስተኛው ደግሞ 0.82፣ ማለትም የኋላው አንድ ዙር ሲጨርስ የፊቱ ገና አንድ አልሞላም።

ይህ ቁጥር ለወረቀት ብቻ አይደለም። 1.2 ሊትር ሞተር ላላት ላዳ 3.24 የሆነ አንደኛ ማርሽ ቢሰጧት፣ ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ መነሻዋ ሁሉ በፍሪሲዮን ኪሳራ ነው። ለ1.6 ሊትሩ ሞተር ግን ተስማሚው ነው። አምስተኛ ማርሽን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፦ በአዲስ አበባ ውስጥ ለሚውል ሰው ብዙም አይረባም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ካርቡራቶር ያለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን አየሩ ይነፍገዋል፣ አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ ዳገት መውጣትም አይታሰብም። በአዳማው ፈጣን መንገድ የሚመላለስ ሰው ግን በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሞተሩ ዙር በ18 ከመቶ ሲቀንስለት ጆሮውም ነዳጁም ያርፋል።

ባለ አራት አውርደው ባለ አምስት የሚገጥሙ ከሆነ ካምቢዮውን ከሥር የሚይዘውን ተሸካሚ ብረትና የማርሽ እጀታውን አብረው ይግዙ። ከመክፈልዎም በፊት አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስተኝተው ርዝመቱን፣ የሱፖርቶውን ቦታና የፊት ዘንጉን ጥርስ ያስተያዩ። አሮጌው ገና መኪናዋ ላይ ከሆነ በሜትር ለክተው ይሂዱ።

ከሥር ከመግባትዎ በፊት

የካምቢዮ ለውጥ አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከመኪናዋ መደገፊያ ነው። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ካገኙ ችግሩ ተቃለለ። ካላገኙ፣ የሚያርፉበት መሬት ጠንካራና ደልዳላ ይሁን፤ የማይነሱት ጎማዎች ፊትም ኋላም ታኮ ይደረግላቸው፤ መኪናዋም በክሪክ ተነስታ በብረት ካቫሌቶ ላይ ትረፍ። ብሎኬት አይሆንም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲሰነጠቅ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ካስቀመጧት በኋላ ሥሯ ሳይገቡ ከጎን ሆነው ጠንከር አድርገው ይወዝውዟት፤ የምትወድቅ ከሆነ አሁን ትውደቅ።

የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ። ሞቶሪኖውን ስለምናወርድ የእሱ ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት። ቁልፎች፦ 10፣ 13፣ 17፣ 19 እና ለኋላ ማርሽ መብራቱ ማብሪያ 22። ለላይኞቹ ብሎኖች ረጅም ማራዘሚያና ታጣፊ አንገት ያለው ቡሶላ ካልያዙ ቀንዎ እዚያ ላይ ያልቃል።

ማውረድ

ከውስጥ ይጀምሩ። የማርሽ እጀታውን ጎማ ገልጠው፣ እጀታውን ወደ ታች ተጭነው፣ የሚይዘውን ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ አላቅቀው ወደ ላይ ይምዘዙት። ክፍቱን በንጹህ ጨርቅ ይድፈኑት።

ዘይቱን ለብ እንዳለ ያውርዱ። ግን ከመውረጃው በፊት የመሙያውን ቡሽ ይፍቱ። መሙያው ዝጎ አልፈታ ካለ ይህን ማወቅ የሚሻለው ዘይቱ ገና ውስጥ እያለ ነው።

ትራስሚሲዮኑ የተመዛዘነ ዕቃ ስለሆነ በነበረበት አቀማመጥ መመለስ አለበት፤ ዲፈረንሻሉ ጋ ያለውን መጋጠሚያ በቀለም ወይም በስል ብረት ምልክት ያድርጉበት። ከፊት ያለው ክብ ጎማ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብሎኖቹን ዝም ብለው ካወጡ ጎማው ይለጠጥና ሲመልሱ ቀዳዳዎቹ አይገናኙም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ዙሪያውን በብረት ማሰሪያ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፣ ከዚያ ሦስቱን ብሎኖች ያውጡ። በኋላ ያሉትን አራት ብሎኖችና የመካከለኛውን ኩሽኔታ መያዣ ሲፈቱ ትራስሚሲዮኑን ረዳትዎ ይያዘው፤ ፊትዎ ላይ እንዳይወርድ።

የማርሚታው ቱቦ ከካምቢዮው ጋር በቅንፍ ተያይዟል፤ እሱንም ይፍቱ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ይፈታል፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦዎቹ ይነቀላሉ። የፍሪሲዮኑን ፖምፔታ ግን ቱቦውን ሳይፈቱ ሁለቱን ብሎኖች ብቻ አውጥተው በሽቦ ወደ ጎን ይስቀሉት። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣና ያልታሰበ ሥራ ይጨምራል። ሞቶሪኖው በሦስት ብሎን ነው የታሰረው። የካምፓናውን (ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነውን የካምቢዮ ፊት) የታች መሸፈኛ ቆርቆሮም ያንሱ።

አሁን ተሸካሚ ብረቱ ሊፈታ ነው፤ እሱ ሲወጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከዘይት ኮፓው በታች ሰፋ ያለ እንጨት አድርገው በሁለተኛ ክሪክ ይደግፉት። ክሪኩን በቀስታ ሲያወርዱ የሞተሩ ጭራ ዝቅ ይልና ከላይ ያሉት ብሎኖች ይታያሉ። ዝቅ ሲያደርጉት ረዳትዎ ኮፋኖ ከፍቶ ከላይ ይመልከት፦ የራዲያተር ቱቦ እንዳይወጠር፣ ማራገቢያው ራዲያተሩን እንዳይነካ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ እንዳይጎተት።

ካምፓናውን ከሞተሩ ጋር የያዙት አራት ትልልቅ ብሎኖች በ19 ቁልፍ ይፈታሉ። ከሁሉ የሚቀለውን አንዱን በጥቂት ዙር ያስቀሩት። ካምቢዮው ከ25 ኪሎ በላይ ነው፤ ተኝቶ በደረት ላይ ለመቀበል የሚሆን ክብደት አይደለም። ሌላ ክሪክ ወይም የረዳትዎ ሁለት እጆች ከሥሩ ሲገቡ ብቻ የመጨረሻውን ያውጡና በቀጥታ ወደ ኋላ ይሳቡት። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ የፊቱ ዘንግ ከፍሪሲዮን ዲስኩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ካምቢዮው ለአፍታም ቢሆን በዘንጉ ላይ አይንጠልጠል። ያ ሁሉ ክብደት ዲስኩን መሐሉ ላይ ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ዲስክ ደግሞ አይለቅም፣ እርስዎም አዲሱን ካምቢዮ ከገጠሙ በኋላ ማርሽ እንቢ አለ ብለው ሻጩን ይራገማሉ።

እግረ መንገድ

ካምቢዮው መሬት ላይ ሳለ የሚታየውን ነገር ሌላ ቀን ለማየት ይህንኑ ድካም እንደገና መድከም ነው። ስፒንጂ ዲስኮውን (ዲስኩን የሚጫነውን ክፍል) ፈትተው ዲስኩን ያውጡ። በላዩ ላይ የሪቬቶቹ ራስ ከገጽታው የጠለቀው ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ዲስኩ አብቅቷል። እኔ ግን ግማሹን ያለፈ ዲስክ ሁሉ እለውጣለሁ። የዲስክ ዋጋና የሁለተኛ ጊዜ ድካም በጭራሽ አይወዳደሩም። ሬጂስፒንታው ምንም ቢመስል ይለወጥ። በክራንክሻፍቱ ጭራ ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታ በጣትዎ ያዙሯት፤ ከጮኸች ወይም ከተንቀራፈፈች እሷም ትውጣ።

ዲስኩ ዘይት ከነካው ከየት እንደመጣ ሳይለዩ አዲስ አይግጠሙ። ቮላኖው ጀርባ ከረጠበ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው፤ ካምፓናው ውስጥ፣ በፊቱ ዘንግ ዙሪያ ከሆነ የካምቢዮው ነው። ሽታም ይረዳል፤ የካምቢዮ ዘይት የሚሰነፍጥ ድኝ ድኝ የሚል ሽታ አለው።

አቧራውን በኮምፕረሰር አይንፉ። በአሮጌ የፍሪሲዮን ዲስኮች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በፌስታል አስረው ይጣሉት።

መግጠም

ዲስኩን ሲመልሱ የትኛው ገጽ ወደ ካምቢዮው እንደነበረ ከመፍታትዎ በፊት ምልክት አድርገው ካልሆነ አዲሱ ላይ ግራ ይጋባሉ። መሐሉ በትክክል መግባት አለበት። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ከተሰባበረ ካምቢዮ የወጣ የፊት ዘንግ ነው፤ ጋራዦች ውስጥ አይጠፋም፣ ይዋሱ። በዘንጉ ዲስኩን ወደ መሐል ካመጡ በኋላ የስፒንጂ ዲስኮውን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። ግራሶ በዘንጉ ጥርስ ላይ በስሱ ብቻ፤ ከበዛ ተረጭቶ አዲሱን ዲስክ ይበክለዋል።

አዲሱ ካምቢዮ ላይ የፍጥነት መለኪያውን የሚነዳውን ትንሽ ጥርስ ከነቤቱ ከአሮጌው ያዛውሩት። ይህ ጥርስ የሚመረጠው በዲፈረንሻሉ መጠን ነው፤ የላዳ ዲፈረንሻሎች ደግሞ 4.3፣ 4.1 ወይም 3.9 እየሆኑ ይለያያሉ። ካላዛወሩት መለኪያው ይዋሻል፣ ትራፊክ ፖሊስም ይህን ምክንያት አይቀበልም።

ካምቢዮውን አራተኛ ማርሽ አስገብተው ያንሱት። ወደ ዲስኩ ሲገፉት ጥርስ ከጥርስ ካልገጠመ፣ ረዳትዎ የኋላውን ጫፍ በቀስታ ያዙር፤ አራተኛ ቀጥታ ስለሆነ የፊቱም አብሮ ይዞራልና ቦታውን ያገኛል። ካምፓናው ሞተሩን በእጅ ግፊት ብቻ መንካት አለበት። የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሲቀር በብሎኖቹ ስቦ ለመዝጋት የሚፈትነው ሰው ብዙ ነው። ካምፓናው አሉሚኒየም ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ወይም ዲስኩን ይጨፈልቃል። ክፍተት ካለ ማዕዘኑ አልተስተካከለም ወይም ዲስኩ መሐል ላይ አይደለም። ወደ ኋላ ይመልሱና እንደገና ይሞክሩ።

የቀረው በፈቱበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይመለሳል። የክብ ጎማውን የብረት ማሰሪያ የሚፈቱት ሦስቱም ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ ነው።

ዘይትና ሙከራ

ባለ አራት ማርሹ 1.35 ሊትር፣ ባለ አምስቱ 1.6 ሊትር ይወስዳል። መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ሆና ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ሲደርስ ሞልቷል። ጂ.ኤል. 4 የሚል 75ደብሊው90 ወይም 80ደብሊው90 ይግዙ። ለዲፈረንሻል ከሚሸጠው ጂ.ኤል. 5 አንዳንዱ የነሐስ ቀለበቶቹን ይጎዳል፤ ሱቁ ውስጥ «አንድ ነው» ቢሉዎትም ጠርሙሱን ራስዎ ያንብቡ።

የፖምፔታው መግፊያ ዘንግ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ይኑረው፤ ፔዳሉ ላይ ሲለካ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያለ ነጻ እንቅስቃሴ አዲሱ ሬጂስፒንታ ቀኑን ሙሉ እየዞረ ይቃጠላል።

መኪናዋ ከካቫሌቶው ሳትወርድ፣ ከሥሯ ማንም ሳይኖር፣ ሞተሩን አስነስተው ማርሾቹን ሁሉ ያስገቡ፤ የኋላ ማርሽ መብራቱም ይብራ። ከዚያ አጭር ጉዞ፣ ዳገትም ቁልቁለትም ያለበት። ሲመለሱ ከሥሯ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሯት፤ ጠዋት የዘይት ጠብታ ካለ ከየት እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ያለው ቦታ ይነግርዎታል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላ የክብ ጎማውን፣ የዲፈረንሻሉን መጋጠሚያና የተሸካሚ ብረቱን ብሎኖች እንደገና በቁልፍ ይፈትሹ፣ የዘይቱንም መጠን ይዩ።

አሮጌውን ካምቢዮ ለቆራሌው ለመስጠት አይጣደፉ። የኋላ ክዳኑ፣ የማርሽ እጀታው፣ የፍሪሲዮን ሹካውና ጤነኛ የቀሩት ጥርሶቹ ከአዲሱ የሆነ ነገር ሲጎድል የሚፈለጉ ናቸው። አንድ ወር ያቆዩት፤ ከዚያም ከሸጡት በኪሎ ሳይሆን በዕቃ ይሽጡት።